«ሰው ይዘህ ና» ያሉኝ ዕለት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከሚሌኒየሙ በፊት በነበረው ዓመት፣ በጥቅምት ወር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል። ትዳር ይዣለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ፀጉሬም ሳስቷል። እስከ ዛሬ ድረስ ግን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው «ሰው ይዘሃል?» ካለኝ ዓይኔ በሩን ይፈልጋል። ሚስቴ ይህን ስጽፍ አይታ «ይሄንንም ጉድ ልታወጣው ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ይውጣ! ቂርቆስ እንደሆን ያልሰማ ሰው የለም።

ጎሚስታ ነኝ። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ጎማ አወልቃለሁ፣ የተነፈሰ ካላማዳሪ እለጥፋለሁ፣ ነፋስ እሞላለሁ፣ ለክፉ ቀን የሚያዘውን ትርፍ ጎማ፣ ስኮርታውን፣ አዘጋጃለሁ። ችኩል ነኝ፤ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። ደንበኛ ከዘገየ እቆጣለሁ፣ እኔ ከዘገየሁም በደንበኛው እቆጣለሁ። በቃ እንዲህ ነኝ።

ያን ሰሞን ደግሞ ልቤ የበለጠ ተሰቅሎ ነበር። ደምበል ልብስ ቤት የምትሠራ ሰናይት የምትባል ልጅ ወድጄ፣ እሷም ወዳኝ፣ እሁድ ቤተሰቦቿ ጋ ሽማግሌ ልልክ ቀን ቆርጠናል። ሽማግሌዎቹን የሚመሩልኝ የእድራችን ዳኛ ጋሽ መኮንን ነበሩ። ለገሃር ባቡር ጣቢያ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ፊታቸው እንደ ሐዲድ የማይታጠፍ ሰው ናቸው።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ቀን የአይሱዙ ጎማ ብድግ ሳደርግ ብሽሽቴን ጭምድድ አደረገኝ። ጎማውን ለቅቄ እጥፍ አልኩ። ቡአ ወረደብኝ ብዬ ደነገጥኩ፤ በእኛ ሥራ ብርቅ አይደለም። በማግሥቱም ሲብስብኝ ካዛንቺስ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ።

ሐኪሙ በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው። ሱሪዬን አስወልቆ ነካ ነካ አደረገኝ። ተመልሶ እዚያው ቦታ ነካ።

«ይቺ ነገር መቼ ነው የወጣችው?» አለኝ።

«የቷ?»

«ቡአ አይደለም ያለህ። ሕመሙ የጡንቻ ነው፣ ይለቅሃል። ግን እዚህ ጋ፣ ከፍሬህ አጠገብ፣ ለብቻዋ የቆመች እብጠት አለች። እጢ ሳትሆን አትቀርም። አልትራሳውንድ ትነሣና ቀዶ ጥገና ሐኪም ያይሃል። ምናልባት ፍሬውም አብሮ መውጣት ይኖርበት ይሆናል።»

ፍሬው አብሮ ይወጣል ሲለኝ እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። ሰናይት ትወጣለች፣ ልጅ ይወጣል፣ ወንድነቴ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን አላዳመጥኩትም።

ያቺ እብጠት መቼ ወጣች ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ማለቴ፣ ከማስታውስበት ጊዜ ጀምሮ የነበረ ነገር ነው የሚመስለኝ። ደግሞ ማን ይቆጥራል? ወንድ ልጅ ከማን ጋር ያስተያያል? እኔ የማውቀው የራሴን ብቻ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት እዚያው ካዛንቺስ ያለ የምስል ምርመራ ቤት ሄድኩ። ተጠርቼ ስገባ የምታነሣው ሐኪም ሴት ናት! ወጣት፣ ቆንጅዬ፣ ለዚያውም ሰናይትን የምትመስል። «ወንድ ሐኪም የለም?» አልኩ በደመ ነፍስ። «የሚያስፈራ ነገር የለም፣ ይተኙ» አለችኝ። ተኛሁ። ፎጣ ሰጠችኝና ዓይኔን ጣራው ላይ ተከልኩ።

ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ መሣሪያውን ታዞረው ጀመር። እኔ ካላማዳሪ ውኃ ውስጥ ነክሬ አረፋው ከየት እንደሚወጣ እንደምፈልገው፣ እሷም ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ቀስ እያለች ትፈልጋለች። ወደ ግራ ሄደች፣ ወደ ቀኝ ተመለሰች፣ ለካች፣ እንደገና ለካች። ከዚያ እጇ ቆመ። ፊቷን ስሰርቅ ግንባሯን ቋጥራለች።

«አንዴ ይቆዩኝ» ብላ ወጣች። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ትልቅ ሐኪም ይዛ ተመለሰች። መሣሪያውን ራሳቸው ያዙ። ሁለቱ ስክሪኑ ላይ ተደፍተው በእንግሊዝኛ ይንሾካሾካሉ። እሷ ጣቷን ትቀስራለች፣ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ ራቁቴን ተኝቼ ላብ ያጠምቀኛል።

በመጨረሻ ትልቁ ሐኪም መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አውርደው አዩኝ።

«ሰው ይዘሃል?»

«የለም ዶክተር፣ ብቻዬን ነኝ።»

«እንግዲያው ነገ ከሰዓት ሰው ይዘህ ና። ከቤተሰብ ትልቅ ሰው፣ ያሳደገህ ቢሆን ይሻላል። ውጤቱን ያኔ እንነጋገራለን።»

እናንተዬ! እዚህ አገር ሐኪም «ሰው ይዘህ ና» ካለ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ማነው? ክፉ ነገር ለበሽተኛው አይነገርም። በሽተኛው ውጭ ይቀመጣል፣ ዘመድ ገብቶ ይሰማል፣ ሲወጣ «ደህና ነህ፣ ትንሽ ጨጓራ ነው አሉ» ይላል። ከዚያ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል፣ ሁሉም ያውቃል፣ አንተ ብቻ አታውቅም። አጎቴን እንዲህ አድርገን ነው የሸኘነው። «ጨጓራዬ እኮ አስቸገረኝ» እያለ ነው የሄደው፣ ነፍሱን ይማረውና።

አሁን ተራው የእኔ ሆነ። ቅባቱን እንኳ በደንብ ሳልጠርግ ሱሪዬን ታጥቄ ወጣሁ።

ታክሲ መያዝ አልቻልኩም። መቀመጥ ሳስብ ያፍነኛል። በእግሬ ከካዛንቺስ ወደ መስቀል አደባባይ ወረድኩ፣ ከዚያ ለገሃር፣ ከዚያ ደግሞ ምን እንደፈለግሁ ሳላውቅ ወደ ደምበል። የሰናይት ሱቅ ያለበት ሕንፃ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ገብቼ ምን ልላት ነው? «እሁድ ሽማግሌ ይመጣል፣ ግን ሰውየው አልቆለታል» ልበላት? የሰው ልጅ አታልዬ፣ ነገ መበለት ላደርጋት? ባልሞትስ፣ ልጅ የማይወልድ ባል ላሸክማት?

ቀጥታ ጋሽ መኮንን ቤት ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ጫማቸውን እየጠረጉ ነበር፣ ለእሁድ መሆኑ ነው።

«ጋሽ መኮንን፣ የእሁዱ ይቅር» አልኳቸው።

«ልጅቷ ምን አደረገች?»

«እሷ ምንም።»

«ታዲያ አንተስ?»

«አመመኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ምንህን አመመህ አላሉኝም። «እሺ» ብለው ጫማቸውን ወደ መጥረጉ ተመለሱ። እሳቸው እኮ በሰፈሩ መርዶ ነጋሪ ናቸው። ሰው የሞተበትን ሰው «እንዴት አደርክ» ብለው ሲያጫውቱት ሊውሉ ይችላሉ፣ ፊታቸው ምንም አይናገርም።

ይህ ነው ያሳሰበኝ ሌላው ነገር። ነገ ማንን ይዤ ልሂድ? የምወስደው ሰው እውነቱን ሰምቶ ሊደብቀኝ ነው የሚገባው። ጋሽ መኮንንን ብወስድ ወጥተው «ወገብህን ነው፣ ቫዝሊን ተቀባበት» ይሉኛል፣ ሞቴን ከዓይናቸው ላላነብ። ጓደኛዬን ብወስድ በቀልድ ይሸፍነዋል። ሰናይትን ደግሞ፣ ባይሆን ምድር ትዋጠኝ። እኔ የምፈልገው መደበቅ የማይችል ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በዓለም አንድ ነው፤ ታላቅ እህቴ አስካለ። እናታችን ሕመምተኛ ስለነበሩ አጥባ፣ አዝላ፣ አጉርሳ ያሳደገችኝ እትዬ ናት። መስቀል ፍላወር ሰፈር ትንሽ ሱቅ አላት። ፊቷ መስታወት ነው፣ የማይታይበት ነገር የለም። አባታችን ያረፉ ጊዜ ዘመድ ሁሉ መርዶውን ጎሕ ሲቀድ ሊያረዳኝ ተማክሮ ነበር። እትዬ በዋዜማው ሱቄ በር ላይ ድንገት ቆመች። «ምንም የለም እኮ፣ ዝም ብዬ ነው የመጣሁት» አለችና ፊቷን ሳየው ወዲያው አለቀስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘመዶቻችን ምስጢር ያለበት ቦታ አያስጠጓትም።

ደወልኩላትና «ለወገቤ ሐኪም ቤት ነገ አብረሽኝ ሂጂ፣ ሰው አምጣ ብለውኛል» አልኳት።

«ሰው አምጣ?» አለች። ከዚያ «በስመ አብ» ስትል ሰማኋት። እሷም የዚሁ አገር ሰው አይደለች!

ዓርብ ጠዋት ሱቄን የከፈትኩት በሥራ ልረሳው ብዬ ነው። ምን ይረሳል! የአንዱን ታክሲ የፊት ጎማ ለጥፌ ስጨርስ ለካ የተነፈሰው የኋላው ነው። ሹፌሩ ሲጮህብኝ እኔ ብሼ ጮህኩበት። ቁጭ እላለሁ፣ እነሣለሁ፣ ውጭ ወጥቼ መንገዱን አያለሁ፣ እመለሳለሁ። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ይሉ የነበሩት እናቴ ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ነበሩ።

ከምሳ በኋላ እትዬ መጣች። ምን ይዛ መጣች መሰላችሁ? በአንድ እጇ ፔርሙስ፣ በሌላው የፕላስቲክ ጠርሙስ ጸበል፣ ብብቷ ሥር ደግሞ ትራስ!

«ትራሱ ምንድነው?» አልኳት።

«ያስተኙህ እንደሆነስ?»

እንግዲህ በዚህ ዓይነት ካዛንቺስ ደረስን። ታክሲ ውስጥ እሷ ወደ መስኮቱ ዞራ ከንፈሯን ታኝካለች፣ እኔ ትራሱን አቅፌያለሁ።

ተራ መጠበቂያው ውስጥ ሰው ሞልቷል። እኔ መቀመጥ አልሆነልኝም። ከበሩ እስከ መስኮቱ እመላለሳለሁ። ጥበቃው «ወንድሜ፣ አረፍ በል፣ ሰውን አዞርክብን እኮ» አለኝ። አረፍኩ፣ ተነሣሁ። በመጨረሻ የነርሷ ድምፅ ተሰማ።

«የግርማ ሰው!»

እኔም እትዬም አብረን ተነሣን። ነርሷ እጇን ዘርግታ እኔን አስቆመችኝ። «ዶክተር መጀመሪያ እህትየዋን ብቻ ነው ያሉት። አንተ ትንሽ ጠብቅ።»

በቃ፣ አለቀ። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ያስፈልጋል? እትዬ ዞር ብላ አየችኝ፣ ዓይኗ ከወዲሁ ሞልቷል። ነጠላዋን ሰብስባ ገባች፤ በሩም ተዘጋ።

እዚያ በር ፊት የቆምኩትን አልረሳውም። ሱቁን ማን ይረከባል? ሰናይት ማንን ታገባለች? ያ ደምበል እየመጣ ሸሚዝ የሚያስለካት፣ አንዱንም የማይገዛው ሰውዬ ይሆን? ስለ እሱ ሳስብ እንዲያውም ተናደድኩ። ሞት ፊት ለፊቴ ቆሞ እኔ ስለ ሸሚዝ እቀናለሁ!

በሩ ተከፈተ። እትዬ ወጣች።

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላዋለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አንድ እርምጃ ተራመደች፣ ግድግዳውን ያዘች፣ እንደገና ትከሻዋ ተናጠ። እኔ ግድግዳውን ታክኬ ተንሸራትቼ ወለሉ ላይ ዝርግፍ አልኩ። አጠገቧ ያለች የማናውቃት ሴትዮ «አይዞሽ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብላ አብራት ማልቀስ ጀመረች።

«እትዬ፣ ንገሪኝ። በአባታችን አጥንት፣ እንዳትደብቂኝ!» አልኳት።

መናገር ፈለገች፣ አቃታት። እጇን አወራጨች። ከዚያ ነጠላውን ከፊቷ ላይ ገፈፈችው። ዓይኗ እንባ ብቻ ነው። ጥርሷ ግን እስከ መንጋጋዋ ወጥቷል። ትስቃለች! ሆዷን ይዛ ትስቃለች!

«አንተ፣ ሦስት እኮ ነው ያለህ!»

«ምን ሦስት?»

«ሦስት እኮ! የተፈጠርክበት ነው፣ እጢ አይደለም! ሦስት!» አለች፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እየሰማ። ከዚያ ድንገት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ ተሰማ! ውይ የኔ ምስኪን ተሰማ!»

ተሰማ የሞተው ባሏ ነው። «እሱ ደግሞ ምን ሆነ?» አልኳት፣ ያበደች መስሎኝ።

«እኔ አንተን አይደል ያጠብኩት? ከአንተ ሌላ ወንድ ልጅ አጥቤ አላውቅም፣ የወለድኳቸውም ሴቶች ናቸው። የወንድ ሁሉ ተፈጥሮ እንደ አንተ መስሎኝ ነበር እኮ! ተሰማን ሳገባው አንድ የጎደለው ነው ብዬ… ውይ አምላኬ! እንዳይከፋው ብዬ አንድም ቀን ሳላነሣበት፣ ስንት ዘመን በሆዴ አዘንኩለት!»

አብራት ስታለቅስ የነበረችው ሴትዮ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ወደ ውጭ ሮጠች። ጥበቃው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እኔ አልሳቅኩም። ከወለሉ ተነሥቼ ሐኪሙ ክፍል በንዴት ገባሁ። ትልቁ ሐኪም ምስሎቹን ዘርግተው ተቀምጠዋል፣ ወጣቷ አጠገባቸው ቆማለች፣ እሷም ሳቋን ውጣ ዓይኗ ቀልቷል።

«ና ተመልከት» አሉኝ። «ይቺ አንዷ፣ ይቺ ሁለተኛዋ፣ እቺ ትንሿ ደግሞ ሦስተኛዋ። ሥጋቸው አንድ ዓይነት ነው፣ ደሙም አንድ ዓይነት ይሄድባቸዋል። እጢ ብትሆን ኖሮ መልኳ ከእህቶቿ ይለይ ነበር። ይህ ከእናት ማሕፀን ጀምሮ ያለ አፈጣጠር ነው፣ በጣም ብርቅ ነው። እኔ መጽሐፍ ላይ እንጂ በሰው ላይ ሳየው አንተ የመጀመሪያዬ ነህ። ለማረጋገጥ በኤምአርአይም እናየዋለን። እንዳሰብኩት ከሆነ ቢላ አያስፈልገውም፤ በየጊዜው በአልትራሳውንድ እያየን እንጠብቃታለን።»

«ልጅስ?»

«ከዚህ ምስል ላይ ልጅ የሚከለክልህ ነገር አላየሁም።»

ይሄኔ ነው እንባዬ የመጣው። ግን ንዴቴም አልወጣልኝም ነበር። «ታዲያ ዶክተር፣ ሰው ይዘህ ና ለምን አሉኝ? ገደሉኝ እኮ! ከትናንት ጀምሮ እኔ የሞትኩ ሰው ነኝ!»

ሐኪሙ ግራ ተጋብተው አዩኝ። «ሕፃን ሳለህ ቀዶ ጥገና ተደርጎልህ፣ ፍሬህ ዘግይቶ ወርዶ፣ የተመታህበት ነገር ኖሮ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ? ያሳደገ ሰው ነው የሚያውቀው። እህትህን ለብቻዋ ያስገባኋት ደግሞ በወንድሟ ፊት ይህን ማውራት እንዳታፍር ብዬ ነው።» መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «እውነትህን ነው፤ ክፉ ስንናገር የምንጠራው በዚሁ ቃል ነው። እኛው ነን ያስለመድናችሁ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲለኝ ንዴቴ ጠፋ። ጠጋ ብዬ ትከሻቸውን ሳምኩ።

ስንመለስ መንገዱን ሁሉ እትዬን አስምላታለሁ። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።»

«ማን፣ እኔ? አባቴ ይሙት!»

አባታችን ደግሞ ቀድመው ሞተዋል። ይህን ያሰብኩት ቂርቆስ ስንደርስ ነው።

ሱቄ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ጋሽ መኮንን ኮታቸውን ለብሰው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል፣ ሁለት የእድር ሰዎች አጠገባቸው፣ የጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው። መሐላቸው፣ ጎማ ላይ ተቀምጣ፣ ሰናይት! ለካ ጋሽ መኮንን ለአጎቷ «ልጁ ስለታመመ የእሁዱ ቀርቷል» ብለው ልከዋል። ወሬው ከቂርቆስ ደምበል እስኪደርስ «ታመመ» የነበረው «አበቃለት» ሆኗል።

እትዬ ከታክሲው ትራሷን አቅፋ ስትወርድ ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ። ሁሉም እኔን ትተው የእሷን ፊት ነው ያዩት፤ የመስታወቱን ነገር የማያውቅ የለም።

«አስካለ፣ ሐኪሙ ምን አለ?» አሉ ጋሽ መኮንን።

እትዬ ከንፈሯን ነከሰች። ወደ ሰማይ አየች። ትራሱን ፊቷ ላይ አደረገች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አለቀልኝ አልኩ። ትራሱ ውስጥ ሆና ሁሉንም ተናገረችው፤ ሦስቱንም፣ ተሰማንም።

ከዚያ፣ ዓይኔ ያየውን ነው የምነግራችሁ፣ የጋሽ መኮንን ፊት በሳቅ ተሰነጠቀ። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» ብለው ከዘራቸውን መሬት መቱ። ከእድር ሰዎቹ አንዱ «ይገባዋል እኮ! ጎሚስታ ሆኖ ስኮርታ ጎማ ሳይዝ ይሂድ እንዴ?» አለ። መንገዱ በሳቅ ተናጋ። ያ ቀን ያወጣልኝ ስም ዛሬም አለ፤ ቂርቆስ መጥታችሁ «ግርማ» ብትሉ ማንም አያውቀኝም፣ «ስኮርታ» በሉ።

ሰናይት ብቻ አልሳቀችም። ከጎማው ላይ ተነሥታ ወደ እኔ መጣች።

«ሐኪሙ ሰው ይዘህ ና አለህ?»

«አዎ።»

«እኔ ሰው አይደለሁም?»

ሳቁ ቆመ። «ፈራሁ» አልኳት። «ልሞት ነው ብዬ ነው። ወይም አልወልድም ብዬ። ከሰማሽ ትሄጃለሽ ብዬ።»

«አንተው ቀድመህ አሰናበትከኝ እኮ!» አለች። «ያን ትራስ መያዝ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።»

ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች። ተከተልኳት፣ ታክሲ ውስጥ ገብታ በሩን በራሷ ዘጋችው።

እንግዲህ ከሐሙሱ ጭንቅ የቅዳሜው ባሰ። ሐሙስ የማጣው ሕይወቴን ነበር፣ ቅዳሜ ደግሞ ሕይወቴ ተመልሶልኝ እሷን ላጣ ነው። ብደውል አታነሣም። ጋሽ መኮንን ግን «እኛ ቀጠሯችንን እናከብራለን፣ አንተ አርፈህ ተቀመጥ» አሉኝ። አርፎ መቀመጥ! ለእኔ!

እሁድ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። እኔ ሱቄ በር ላይ የተዘረጉትን ጎማዎች ደርድሬ፣ አፍርሼ፣ እንደገና ደረደርኩ። ሲመጡ ሮጬ ጋሽ መኮንንን ፊታቸውን አየሁ። ያ የሐዲድ ፊት ተመልሶ ቦታው ገብቷል።

«ምን አሉ ጋሼ?»

«አባትየው እንመካከርበት ብለው ቀጥረውናል፣ ወግ ነው።»

«እሷስ?»

ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዞሩ። ሆን ብለው ነው የሚያቆዩኝ፣ በኋላ ራሳቸው ነግረውኛል። «ስንወጣ በር ላይ ጠበቀችን። ለዚያ ልጅ እንዲህ በሉልኝ አለች፤ ለቀጣዩ ምስል የሚሄድ ዕለት የሚይዘው ሰው እኔ ነኝ። እምቢ ካለ ሽማግሌውም ይቅር።»

የኤምአርአዩ ዕለት ሰናይት ሥራዋን አስፈቅዳ ሱቄ ድረስ መጣች። ብብቷ ሥር የእትዬን ትራስ ይዛለች። እንዴት አድርጋ እንደወሰደችባት አላውቅም። ያ መሣሪያ እንደ ዋሻ ነው፣ ይጮኻል፣ እኔን የሚያህል ችኩል ሰው ሳይነቃነቅ ተኛ ይሉታል። ተኛሁ። ስወጣ ነርሷ በሩን ከፍታ «የግርማ ሰው!» አለች። ሰናይት ተነሣች። ሐኪሙም በዚህ ጊዜ ሁለታችንንም አብረው ነው ያስገቡን። እንዳሉትም ሆነ፤ ሦስት ናቸው፣ ጤነኛ ናቸው፣ ቢላ የለም።

ጥር ላይ ተጋባን። ዛሬ ሁለት ልጆች አሉን፣ ሁለቱም ሴቶች። የመጀመሪያዋ ስትወለድ እትዬ ሆስፒታል መጥታ ገልጣ አየቻትና «ተመስገን፣ የምንቆጥረው የለም» አለች። የተሰማን ተዝካር ስታወጣ ደግሞ ፎቶውን ይዛ ይቅርታ ስትጠይቀው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አሁንም በየዓመቱ ለአልትራሳውንድ ካዛንቺስ እሄዳለሁ። ትልቁ ሐኪም ጡረታ ወጥተዋል። አዲሶቹ አያውቁኝም፤ ስክሪኑን አይተው ግንባራቸውን ይቋጥራሉ፣ ይለካሉ፣ እንደገና ይለካሉ። ከዚያ ዞር ብለው ይጠይቁኛል፤ «ሰው ይዘሃል?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁሉን እያወቅሁ እንኳ በዚያች ሰዓት ሱሪዬን ታጥቄ መሮጥ ያምረኛል። አፌን ከፍቼ መልስ እስክሰጥ ግን አልደርስም። ከመጋረጃው ወዲያ፣ ትራስ አቅፋ የተቀመጠች ሴት ቀድማኝ ትመልሳለች።

«አለው!»